ሶሌታ ጣሪያ ላይ የብርሃን መስኮት አከፋፈት፦ ከልኬት እስከ ውሃ ፍተሻ

ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ የተከፈተ መስኮት ሲያፈስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መስታወቱ ነው። ሲሊከን ይገዛል፣ ዙሪያው ይቀባል፤ ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ጠብታው እዚያው ቦታ ይገኛል። ውሃው ብዙውን ጊዜ የሚገባው በመስታወቱ ሳይሆን ከሥሩ ነው። መስኮቱን ከጣሪያው ወለል ከፍ አድርጎ የሚሸከመው ግንብ አጭር ሲሆን፣ ወይም የውሃ መከላከያው ግንቡን ወጥቶ አናቱን ሳይሸፍን ሲቀር ያፈሳል። ይህን በቀዳዳው ዙሪያ የሚቆም ግንብ ከዚህ በኋላ «አንገት» እንለዋለን። ብዙ ቀንና ብዙ ጥንቃቄ የሚወስደው አንገቱ ነው፤ መስታወቱን መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለአርማታ ሶሌታ፣ ማለትም ከአርማታ ለተሠራ ጠፍጣፋ ጣሪያ ነው። የእንጨት ጣሪያ የሚለይበት ነገር ወደ መጨረሻው ተቀምጧል። ቁጥሮቹ የተሰሉት 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሶሌታ ላይ ለሚከፈት 1 ሜትር በ1 ሜትር ቀዳዳ ነው።

ቦታና መጠን

ለመኖሪያ ክፍል የመስኮቱ ስፋት ከወለሉ ስፋት ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይበቃል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል 20 ካሬ ሜትር ስለሆነ 1 ካሬ ሜትር መስኮት ጥሩ መነሻ ነው፤ 2 ካሬ ሜትር ደግሞ የላይኛው ወሰን ይሁን። ከዚያ ካለፈ የሚተርፈው ሙቀት ነው። የግድግዳ መስኮት ፀሐይን በጎን ሲያገኛት የጣሪያ መስኮት የቀትሯን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል። ብርሃን በብዛት ከተፈለገ አንድ ትልቅ ከመክፈት ሁለት ትናንሽ መክፈት ይሻላል፤ ብርሃኑ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል፣ በአንድ ቦታ የሚቆረጠው ፌሮም ያንሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከወለል እስከ ኮርኒስ ካለው ቁመት ከአንድ ተኩል እጥፍ ባይበልጥ መሃሉ አይጨልምም።

ጠፍጣፋ የሚባለው ጣሪያ በእርግጥ ጠፍጣፋ አይደለም፤ በደንብ ከተሠራ ወደ ውሃ መውረጃው 1 ወይም 2 በመቶ ያዘነብላል። ይህን ተዳፋት በውሃ ልክ ያግኙት። ዝናብ ካባራ ከሁለት ቀን በኋላ ወጥቶ ማየትም ብዙ ይናገራል፤ ውሃ ያቆረበት ወይም የደረቀ አቧራ ቀለበት የሠራበት ቦታ ለመስኮት አይሆንም። ከመውረጃው አጠገብም አይከፈትም። ከፓራፔት ግድግዳ (በጣሪያው ዙሪያ ከሚቆመው አጭር ግድግዳ) ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሜምብሬን (በጥቅል የሚሸጥ የሬንጅ ውሃ መከላከያ) የሚያነጥፈው ሰው ተንበርክኮ ሁለት እጁን የሚያንቀሳቅስበት ቦታ ካጣ ያ ጎን በደንብ አይጣበቅም።

የማይቆረጥ ቦታ

ከሶሌታው ላይ 1 በ1 ሜትር ሲወጣ ከ360 እስከ 375 ኪሎ የሚመዝን አርማታ ይወገዳል። አዲሱ አንገት ወደ 300 ኪሎ፣ መስታወቱ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ቢመዝን እንኳ ጣሪያው ከበፊቱ ቀልሏል። «ጭነት ቀነስኩ እንጂ አልጨመርኩ» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጉዳዩ ያለው ከተቆረጠው ፌሮ ላይ ነው። ፌሮው ተሸክሞት የነበረው ጭነት አሁን በቀዳዳው ግራና ቀኝ በቀረው ሶሌታ ላይ ይጫናል፤ ያ ክፍል ደግሞ ለዚህ ተብሎ አልተሠራም። ስለዚህ የስትራክቸር መሐንዲስ ፕላኑን አይቶ ማጠናከሪያ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ካስፈለገም ምን ዓይነት እንደሆነ ይወስናል። ብዙ ጊዜ ማጠናከሪያው ከሥር የሚታሰር የብረት ቢም ወይም አንግል ነው። የሚታሰረውም ከመቆረጡ በፊት ነው፤ ሶሌታው አንድ ጊዜ ካጎነበሰ በኋላ የሚገባ ብረት ተጨማሪ መጎንበስን ይይዛል እንጂ የጎነበሰውን አይመልስም።

መሐንዲሱ ከመምጣቱ በፊት ራስዎ የሚሰርዟቸው ቦታዎች አሉ። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ የበረንዳ ሶሌታ አይነካም። ቢምና ከኮለን አናት አጠገብ ያለው ክፍልም እንዲሁ። በተወጠረ ኬብል የተሠራ ሶሌታ ከሆነ ሐሳቡን እዚያው ያቁሙት፤ ኬብሉ ሲቆረጥ ያፈተለከው ጉልበት ሰው ይገድላል፣ ሶሌታውም ከቀዳዳው ርቆ ሳይቀር ጥንካሬውን ያጣል። በመሃሉ ብሎኬት ያለው ባለ ሪብ ሶሌታ ላይ ደግሞ ሪቡ (በብሎኬቶቹ መካከል ያለው ቀጭን ቢም) አይቆረጥም፤ መስኮቱ በሁለት ሪብ መካከል ባለው ክፍተት ልክ ይጠባል። ጠባብና ረጅም መስኮት መጥፎ ብርሃን አይሰጥም።

ሕንፃው የጋራ ከሆነ ጣሪያውም የጋራ ስለሆነ የባለቤቶችና የግንባታ ፈቃድ ሰጪው ስምምነት ከመጋዝ ይቀድማል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መስኮቱ ራሱ መጀመሪያ ይገዛል። አንገቱ በመስኮቱ ልክ ይሠራል፤ መስኮት በአንገት ልክ ማሠራት ግን ውድና አዳጋች ነው። ከውጭ ያለው መስታወት 6 ሚሊ ሜትር ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ)፣ ከውስጥ ያለው ደግሞ በመሃሉ ግልጽ ፕላስቲክ ያለበት ጥምር መስታወት ይሁን። ቴምፐርድ ሲሰበር እንደ ጠጠር ይረግፋል፤ የውስጡ ጥምር መስታወት ግን ቢሰነጠቅም በፕላስቲኩ ተይዞ ይቆያል፣ በተኛ ሰው ላይ አይወርድም። ሁለቱን አቀያይሮ መግጠም የዚህን ሁሉ ጥቅም ያጠፋል።

ለአንገቱ፦ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 1 ከረጢት፣ አሸዋ 70 ሊትር፣ ከ20 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠጠር 105 ሊትር። ይህ 1 ለ2 ለ3 ድብልቅ ወደ 0.13 ሜትር ኩብ አርማታ ይሰጣል፤ የሚፈለገው 0.11 ወይም 0.12 ስለሆነ ትንሽ ይተርፋል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ 2 ዘንግ፣ 300 ሚሊ ሊትር የፌሮ ማጣበቂያ ኢፖክሲ 1 ቱቦ።

ለውሃ መከላከያው፦ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሜምብሬን 2 ጥቅል፣ ማለትም 20 ካሬ ሜትር፤ ከሜምብሬኑ በፊት የሚቀባ የሬንጅ ፕራይመር 2 ሊትር። ለመግጠሚያ 5 ሜትር የሚጨመቅ ስፖንጅ ቴፕ፣ የማይዝግ ቪት ከጎማ ቀለበት ጋር፣ አሲድ የሌለው ሲሊከን 2 ቱቦ። ሲሊከኑ ሲጨመቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ አሲድ አለበት ማለት ነው፤ ብረት ያዝጋል።

መቁረጥ

ሰማዩ ለጥቂት ሳምንታት የሚታመንበት ወቅት ይመረጥ። ከሥር ያለው ኮርኒስ ይነሳል፣ በሶሌታው ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ ከቆጣሪው ይጠፋል። ፌሮውና ቱቦው ያለበት በመፈለጊያ መሣሪያ ተለይቶ በጠመኔ ይሰመራል። ቀዳዳውን ወዲያና ወዲህ በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ማንቀሳቀስ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ፌሮ ያድናል።

ልኩ ከታች ወደ ላይ የሚተላለፈው በአራቱ ማዕዘን በተበሳ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ከላይ ሆነው ሁለቱን ሰያፍ (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን) ይለኩ፤ ሁለቱም 141.4 ሴንቲ ሜትር መሆን አለባቸው፣ ልዩነታቸው ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ስኳድራው (የማዕዘኑ 90 ዲግሪ) እዚህ ከጠፋ እስከ መስታወቱ ድረስ እንደጠፋ ይሄዳል።

ከዚያ የድሮው ሜምብሬንና ከሥሩ ያለው ስክሪድ (በሶሌታው ላይ የተነጠፈው የሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ) ከቀዳዳው ጠርዝ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ፣ በአራቱም በኩል ይነሳል። ከዚህ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትሩ አንገቱ የሚቆምበት ነው፤ ቀሪው 30 የአዲሱ መከላከያ መሥሪያ ነው። ስክሪዱ ላይ አንገት ማቆም አይቻልም፤ አንገቱ ከሶሌታው ጋር መታሰር አለበት።

ከሥር በቀዳዳው ግራና ቀኝ የብረት ድጋፍ ይቆማል፣ ከቀዳዳው በታችም የሚወድቀውን የሚቀበል ጠንካራ መድረክ ይሠራል። ማዕዘኖቹ በኮር ድሪል (ክብ ቀዳዳ ቆርጦ በሚያወጣ መሰርሰሪያ) ይበሳሉ፤ የድሪሉ ክብ ከመስመሩ ውስጥ ሆኖ ጠርዙን ይንካ እንጂ አይለፍ። ጥቅሙ መጋዙ ማዕዘን ላይ ሲደርስ መስመሩን አልፎ እንዳይቆርጥ ነው። ያለፈው ቁርጥ ከሥሩ ያለውን ፌሮ ይነካል፣ ከዓመታት በኋላም ከማዕዘኑ ሰያፍ ስንጥቅ የሚነሳው ከዚያች ጭረት ነው።

ለመቁረጥ የአልማዝ ምላጭ ያለውና በውሃ የሚሠራ የአርማታ መጋዝ ይከራዩ። 230 ሚሊ ሜትር ግራይንደር ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚገባ ከታች በኩልም ተቆርጦ 15 ሴንቲ ሜትሩን አይጨርስም፤ ከራስ በላይ ግራይንደር ይዞ መሥራት ደግሞ አይመከርም። ጃክ ሃመር የባሰ ነው። ከላይ ሲመታ የታችኛው የአርማታ ቆዳ ከፌሮው እየተላቀቀ ይረግፋል፣ ከቀዳዳው የሚቀረው ጠርዝም ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል።

ሶሌታው በአንድ ጊዜ አይወጣም። 3 በ3 ሆኖ ወደ 9 ቁራጭ ከተከፋፈለ እያንዳንዱ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን ሁለት ሰው ያነሳዋል። የመጨረሻው ቁርጥ ከማለቁ በፊት ቁራጩ ከላይ በገመድ ወይም በሰንሰለት ይያዝ።

ሥራው በዚያው ቀን ስለማያልቅ ቀዳዳው በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይከደንና በቪት ይታሰራል፣ ከላዩም በቀለም «ቀዳዳ» ተብሎ ይጻፍበታል። ሳይታሰር የተጣለ ኮምፔንሳቶ ከክፍት ቀዳዳ ይብሳል፤ አንድ ሰው ሊያነሳው ሁለት እጁን ይዘረጋል፣ ኮምፔንሳቶውን ከፊቱ ይዞ አንድ እርምጃ ሲሄድ ቀዳዳው ውስጥ ነው።

አንገቱን ማውጣት

የአንገቱ ቁመት ከተጠናቀቀው የጣሪያ ወለል በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከ15 በታች መውረድ የለበትም። 5 ሴንቲ ሜትር ስክሪድ ካለ ከሶሌታው የሚለካው ጠቅላላ ቁመት 25 ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር ለምን? መውረጃው በቅጠል ተደፍኖ ውሃ ሲያቁር፣ ወይም ኃይለኛ ዝናብ ወለሉን መትቶ ሲረጭ የሚደርስበትን ከፍታ ማለፍ ስላለበት ነው። በ5 ሴንቲ ሜትር አንገት ላይ የተገጠመ መስኮት በመጀመሪያው የተደፈነ መውረጃ ክፍሉን ገንዳ ያደርገዋል።

በባዶ ብሎኬት አይሠራም። ብሎኬቱ በሆዱ ውሃ ያጠራቅማል፣ ቪትም በደንብ አይይዝም። ርካሽ መስሎ የሚታየው አማራጭ ይህ ስለሆነ ብዙ ቦታ ተሠርቶ ይገኛል፤ ብዙ ቦታም ያፈሳል።

በአንገቱ መሃል መስመር ላይ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ይበሳል፤ በጠቅላላው ወደ 18 ይሆናል። ከመጋዙ ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ስለሚሆን ድሪሉ በመዶሻ ምት ሳይሆን በቀስታ ይሂድ። ቀዳዳው ይነፋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ እንደገና ይነፋል። አቧራው ካልወጣ ኢፖክሲው የሚይዘው አቧራውን እንጂ አርማታውን አይደለም፤ ፌሮው በእጅ ይወጣል። በ32 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ፌሮ እየተሽከረከረ ይገባል፣ ኢፖክሲው እስኪደርቅ አይነካም። በቋሚዎቹ ላይ ሁለት ዙር አግድም ፌሮ ይታሰራል፣ ጫፎቹ 40 ሴንቲ ሜትር ይደራረባሉ። በመጋዝ ተቆርጠው የሚታዩት የሶሌታው ፌሮ ጫፎችም ዝገት መከላከያ ይቀቡ፤ ኋላ በልስን ይሸፈናሉ።

የሶሌታው ገጽ በመሮ ይሻክራል፣ ከአንድ ቀን በፊት ውሃ ይጠጣል፣ ሲሞላ ግን ላዩ ላይ የቆመ ውሃ አይኑር። አርማታው ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፣ በዘንግ እየተወጋ አየሩ ይወጣል። ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ማለት በአንገቱ ዙሪያ የውሃ መግቢያ መስመር ማስመር ነው።

መስኮቱ ጉልላት ቅርጽ ካለው ወይም ከፋብሪካው ተዳፋት ይዞ ከመጣ የአንገቱ አናት በውሃ ልክ ይስተካከላል። መስታወቱ ዝርግ ከሆነ ግን አናቱ ራሱ ማዘንበል አለበት፤ በ120 ሴንቲ ሜትር ላይ ከ6 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ልዩነት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። ዝቅ የሚለው ጎን 20 ሴንቲ ሜትሩን ይጠብቅ፣ ከፍ የሚለው ይጨመርለት። ልዩነቱ ወደ 10 ከተጠጋ አንድ ከረጢቱ ጥብቅ ስለሚሆን ጥቂት ሲሚንቶ በትርፍ ይያዝ። ሳያዘነብል የተኛ መስታወት ላይ ውሃ ይቆማል፣ ይተናል፣ ጭቃው ይቀራል፤ በዓመቱ ብርሃኑ ይደበዝዛል።

የላይኛው የውጭ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከረከም፤ ሜምብሬን ሹል ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አርማታው የፈሰሰበት የእንጨት ፎርም ከሁለት ቀን በኋላ ይነሳል፣ አርማታው 7 ቀን ውሃ ይጠጣል።

የውሃ መከላከያ

አርማታው ሳይደርቅ ሜምብሬን ከለበሰ በውስጡ የቀረው እርጥበት በፀሐይ እየተነነ ያሳብጠዋል፤ ያበጠው ደግሞ ቆይቶ ይቀደዳል። መድረቁን ለማወቅ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱም ጠርዙ በቴፕ ተጣብቆ ለ24 ሰዓት ይተዋል። ሲገለጥ ከሥሩ ላብ ካለ ገና ነው። የተነሳው ስክሪድ መጀመሪያ ተመልሶ ይሞላል፣ እሱም ይደርቃል።

አንገቱ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ሰያፍ ይሞላል። ሜምብሬኑ በ90 ዲግሪ ከመታጠፍ በ45፣ 45 ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ ከሥሩም ባዶ አይቀርም። መስኮቱ ሰፊ ከሆነና ውሃ ከላይ እየመጣ በአንገቱ ጀርባ የሚቆም ከሆነ እዚያ ጎን ላይ በሲሚንቶ ኮርቻ ይሠራል፦ መሃሉ ከፍ ብሎ ውሃውን ግራና ቀኝ የሚከፍል።

ፕራይመር ተቀብቶ በእጅ ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ይጠበቃል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ትናንሽ ማጠናከሪያ ቁራጮች ይለጠፋሉ። የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ጎኑ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው።

2. የመጀመሪያው ንጣፍ ወለሉ ላይ ከድሮው ሜምብሬን ጋር ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ተደርቦ፣ ሰያፉን ተከትሎ፣ አንገቱን ወጥቶ አናቱን እስከ ውስጠኛው ጠርዝ ይሸፍናል። መጀመሪያ ዝቅ ያለው ጎን፣ ቀጥሎ ሁለቱ ጎኖች፣ በመጨረሻ ከፍ ያለው ጎን ይለበሳል፤ የላይኛው በታችኛው ላይ እንዲደረብ።

3. ሁለተኛው ንጣፍ በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል፣ መጋጠሚያው ግን በመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ አይግጠም፣ ወለሉም ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎት ይሂድ።

ሜምብሬኑ የሚለጠፈው ሥሩ በጋዝ ቶርች (በእሳት ማሞቂያ) እየቀለጠ ነው፤ ሙቀቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ከመጋጠሚያው ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀልጦ የወጣ ሬንጅ ሲታይ ነው። ምንም ካልወጣ አልተጣበቀም። ጭሱ ከጠቆረና በውስጡ ያለው ጨርቅ ከታየ ደግሞ ተቃጥሏል፣ ተነስቶ ይቀየራል። እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር፤ ቶርቹ ከጠፋ በኋላም አንድ ሰው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቦታውን ይጠብቅ።

መስኮቱን መግጠም

የመስኮቱ ክፈፍ በአንገቱ ላይ የሚቀመጠው እንደ ድስት ክዳን ነው፤ ጠርዙ ወደ ውጭ አልፎ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ሜምብሬኑ ከተጨመረ በኋላ የአንገቱ የውጭ ልክ በእያንዳንዱ ጎን 8 ሚሊ ሜትር እንደሚወፍር አይረሳ። ክፈፉ በመዶሻ እየተመታ ከገባ ሜምብሬኑን ይልጠዋል።

በአናቱ ላይ ስፖንጅ ቴፕ ሳይቋረጥ ይዞራል፣ ክፈፉ ይቀመጣል፣ ቪቱም ከጎን በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ይገባል። ከላይ አይበሳም፤ ከላይ የተበሳ ቀዳዳ ጎማው ባረጀ ማግሥት ያፈሳል። ቪቱ ጎማው በትንሹ እስኪጨመቅ ብቻ ይጠበቅ። በክፈፉና በሬንጁ መካከል ሲሊከን መሙላት ጥቅም የለውም፤ ሲሊከን ሬንጅ ላይ አይይዝም።

በመስታወት ፈንታ ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ) ከተመረጠ ሦስት ነገር ይለወጣል። የፀሐይ መከላከያ ያለው ፊቱ ወደ ላይ ይሆናል፤ ከተገለበጠ በጥቂት ዓመታት ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል። በውስጡ ያሉት ቦዮች ወደ ተዳፋቱ ይሄዳሉ። የቪቱ ቀዳዳም ይሰፋል፤ 1.2 ሜትር ፖሊካርቦኔት በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ መፈናፈኛ ካጣ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚሰማው ጩኸት የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

መስታወትም ሆነ ፖሊካርቦኔት የሚረገጥ ነገር አይደለም። ሰው የሚወጣበት ጣሪያ ከሆነ አጥር ወይም የብረት ወንፊት ይደረግለት።

ፍተሻ

ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ነው የሚፈተሸው። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከሥር ይቆማል፣ ሌላው በጎማ ቱቦ ውሃ ያፈስሳል። ከታች ይጀመር፦ መጀመሪያ ወለሉና ሰያፉ፣ ከዚያ የአንገቱ ጎን፣ ከዚያ የክፈፉ ጠርዝ፣ በመጨረሻ መስታወቱ፤ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚያረጥብ የትኛው እንዳፈሰሰ አይታወቅም። መሐንዲሱ ከፈቀደ መውረጃው ተደፍኖ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለ24 ሰዓት ይቆም፤ በየካሬ ሜትሩ 30 ኪሎ ጭነት መሆኑ ይታወቅ።

የእንጨት ጣሪያ ከሆነ

ወራጆቹ አብዛኛውን ጊዜ በየ40 ወይም 60 ሴንቲ ሜትሩ ስለሚቆሙ በሁለቱ መካከል የሚገባ ጠባብ መስኮት ምንም ሳይቆረጥ ይሠራል። ወራጅ ከተቆረጠ ጫፎቹ በድርብ አግዳሚ ይያዛሉ፣ አግዳሚው ደግሞ ግራና ቀኝ በተደረቡት ወራጆች ላይ በብረት ጫማ ይሰቀላል፤ በሚስማር ብቻ የተያዘ አግዳሚ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንገቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ይሠራል፣ ቁመቱ ያው ነው። እንጨት ላይ ቶርች አይነሳም። ራሱ የሚለጠፍ ሜምብሬን ወይም ኢፒዲኤም የሚባለው የጎማ ምንጣፍ ይጠቀሙ፤ ኢፒዲኤም ግን ከሬንጅ ጋር መነካካት የለበትም፣ ዘይቱ ያሳብጠዋል።

ፍሳሽ የሚመስል ላብ

ጠብታው ዝናብ በሌለበት ብርዳማ ጠዋት ከመጣና በክፈፉ ዙሪያ እኩል ከሆነ የክፍሉ እርጥበት መስታወቱ ላይ እያላበ ነው። መድኃኒቱ አየር ማስወጫና በአንገቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከልስኑ በፊት የሚለጠፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ፎም ነው። ብዙ ክፈፎች ላቡን ሰብስበው ወደ ውጭ የሚጥሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ «ውሃ ያስገባል» ብሎ በሲሊከን የደፈናቸው ሰው ላቡን ወደ ክፍሉ መልሶታል። ከተደፈኑ በቀጭን ሽቦ ይከፈቱ።

ጠብታው ከዝናብ ጋር ብቻ ከመጣ፣ በአንድ ማዕዘንም ከሆነ፣ ክፈፉ ተነስቶ የዚያ ማዕዘን ሜምብሬን በጣት ይሞከር። ጠርዙ ከተነሳ ምክንያቱ ያው ነው። ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ኮርኒሱ ላይ የሚታይ እድፍ ከሆነ ደግሞ አዲሱና የድሮው ሜምብሬን የተደረቡበት መስመር ይፈተሽ፤ ውሃው በስክሪዱ ሥር ተጉዞ ሌላ ቦታ ይወጣል።